በቀቀን ምን ያውቃል?

በቀደም ዕለት ለዘጠነኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት በማስተምርበት ሰዓት፤ አንድ ተማሪ አስነሥቼ «ትነት ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፤ ዐይኑን ወደ ጣራው አቅንቶ፤ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ትርጓሜ አንዲት ቃል ሳያጎድል አንበለበለው። እኔም በጣም ደስ ብሎኝ «ጎበዝ! እንግዲያውስ እናትህ ያጠበችው ነጠላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ውሃው ወዴት ሄደ?» አልሁት። ልጁ ዝም አለ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ብደግምለት መልሱ ያው ዝምታ ሆነ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና «አንተማ በቀቀን ነህ!» ብዬ ተናገርሁት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ ያው ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረብ ብሎ በዝግታ፤ «መምህር፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? በቀቀን የሚናገረውን አያውቅም የሚሉት እርግጠኛ ነገር ነው?» አለኝ። እኔም አስተማሪ ነኝና «አላውቅም» ማለት አፍሬ «አዎን፤ እርግጥ ነው» ብዬ አሰናበትሁት።

ነገር ግን ወደ ቤቴ ስሄድ ጥያቄው በመንገድ ሁሉ ተከተለኝ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተማርሁባቸው ዓመታት ስለ በቀቀን ያነበብሁት አንድ ገጽ እንኳ አልነበረም። ታዲያ በቀቀን የሰማውን እንጂ የገባውን አይናገርም ያለኝ ማን ነው? ሰው ሲል ሰምቼ ደገምሁት እንጂ መርምሬ የደረስሁበት ነገር አልነበረም። እንግዲህ ከልጁና ከእኔ በቀቀኑ ማንኛችን ነን? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱም አላኮራኝም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለአንባብያን የማቀርበው ከዚያ ቀን ወዲህ ፈልጌ ያገኘሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ፤ በቀቀን እንዴት ይናገራል? ከንፈር የለው፤ ጥርስ የለው። ሰው ድምፅ የሚያወጣው በጉሮሮው ውስጥ ባሉት የድምፅ አውታሮች ነው። የወፍ የድምፅ መሣሪያ ግን ወደ ታች ወርዶ፤ የአየር ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሳንባዎቹ በሚገባበት ቦታ ላይ ይገኛል። በቀቀን ከዚያ የሚወጣውን ድምፅ በወፍራም ሥጋማ ምላሱ እያቃና የሰውን አነጋገር እንዲመስል ያደርገዋል።

ለምንስ ይናገራል? በቀቀን በዱር በመንጋ የሚኖር ፍጡር ነው። ጫጩቱ የታላላቆቹን ጩኸት እየሰማ የመንጋውን ድምፅ ይማራል። ከመንጋው ተነጥሎ በሰው ቤት ያደገ እንደ ሆነ ግን መንጋው ሰው ነውና የሰውን ድምፅ ይማራል። የገጠር ልጅ ከተማ ገብቶ ዓመት ሳይሞላው አነጋገሩ እንደሚለወጥ ማለት ነው። ዓላማውም ሰውን ለማሳቅ ሳይሆን ከሚኖርበት ማኅበር ጋር አንድ ለመሆን ነው።

ይህ ወፍ የሰውን ልጅ ሲያስገርም የኖረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ በፋርስ ንጉሥ ቤት ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴስያስ፤ እንደ ሰው በህንድ ቋንቋ የሚናገር፤ ግሪክኛ ቢያስተምሩትም የሚችል ወፍ መኖሩን ጽፎ ነበር። በ1637 ደግሞ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርት፤ በቀቀን እንደ እኛ ቃል ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን የሚለውን እያሰበ ሊናገር አይችልም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰው ዘንድ ሳይመረመር እንደ ጸና ቆየ።

ሊቃውንቱም የተጠራጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በበርሊን ከተማ «ብልሁ ሐንስ» የሚባል ፈረስ ነበረ። ጌታው ፎን ኦስተን «ሦስትና አራት ሲደመር ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ፈረሱ ሰባት ጊዜ በኮቴው መሬቱን ይመታል። አገሩ ሁሉ ተገረመ። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ መርማሪ ግን ነገሩን በጥንቃቄ ሲፈትን፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ሲሆን ፈረሱም እንደማያውቅ ተረዳ። ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው የሰውን ፊት ማንበብ ነበር። ቁጥሩ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን በጥቂቱ ነቅነቅ ያደርጋል፤ ፈረሱም ያን አይቶ ያቆማል። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ መልሱን ከአስተማሪው ግንባር ላይ የሚፈልግ ተማሪ ያየ መምህር ሁሉ ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም።

እንግዲህ ጥርጣሬው እንዲህ በበረታበት ዘመን ነው ዶክተር አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ የተነሡት። እኒህ ሴት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ትምህርት በ1976 የዶክተርነት ማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ እንስሳት ጠባይ ምርመራ አዞሩ። በሰኔ ወር 1977 በቺካጎ አጠገብ ከሚገኝ የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ አንድ ዓመት ያህል የሆነው የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ገዙ። ወፉን ራሳቸው አልመረጡም፤ የሱቁ ሠራተኛ እንዲመርጥላቸው አደረጉ። ይህንም ያደረጉት፤ ኋላ «ብልሁን ለይተው ወስደው ነው» የሚል ሰው እንዳይነሣ ብለው ነው። ስሙንም አሌክስ አሉት።

ከእርሳቸው በፊት በቀቀን ለማስተማር የሞከሩ ነበሩ። ወፉን በሣጥን ውስጥ ብቻውን አስቀምጠው ከመሣሪያ የሚወጣ ቃል ያሰሙታል፤ ቃሉን ከደገመ እህል ይሰጡታል። «ወረቀት» ቢል እህል፤ «ቁልፍ» ቢል ያው እህል። ይህ መንገድ ፍሬ አላፈራም። ዶክተር ፔፐርበርግ ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። ሁለት ሰዎች በወፉ ፊት ይቀመጣሉ። አንደኛው አንድ ነገር ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። ጓደኛው በትክክል ከመለሰ ያን ነገር ራሱን ይቀበላል፤ ከተሳሳተ «አይደለም» ይባልና ነገሩ ይሠወርበታል። ቀጥሎ ጠያቂው ተጠያቂ፤ ተጠያቂው ጠያቂ ይሆናሉ። ወፉ ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል። ሌላው የተቀበለውን ነገር እርሱም መንካትና መንከስ ስለሚፈልግ ይቀናል፤ ቀንቶም ወደ ጨዋታው ይገባል። «ወረቀት» ያለ እንደ ሆነ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ «እንጨት» ካለ እንጨት ነው። ቃሉ ከነገሩ ጋር በአፉም በምንቃሩም ይጣበቃል።

በዚህ መንገድ አሌክስ በብዙ ዓመት ውስጥ 50 ያህል ዕቃዎችን፤ 7 ቀለሞችንና 5 ዓይነት ቅርጾችን በየስማቸው ለየ፤ እስከ 6 ድረስም ቍጥር ዐወቀ። ዋናው ነገር ግን የቃሉ ብዛት አልነበረም። ሁለት ዕቃ አሳይተው «ምናቸው አንድ ነው? ምናቸውስ ልዩ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ቀለም»፤ «ቅርጽ» ወይም ዕቃው የተሠራበትን ነገር ለይቶ ይመልስ ነበር። የሚለያዩበት ነገር ከሌለ ደግሞ «ምንም» ይላል። ከዚያ በፊት አይቷቸው በማያውቅ ዕቃዎችም ቢሆን ከመቶ 80 ያህሉን በትክክል መለሰ። በሰው ቃል የሰማውን ብቻ የሚደግም ፍጡር አይቶ ስለማያውቀው ነገር ምን ብሎ ይመልሳል?

«እንደ ሐንስ ፊት እያነበበ ቢሆንስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መርማሪዋም ይህን አስበውበታል። ጠያቂዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ጥያቄዎቹ ይደባለቃሉ። በፈተናው ጊዜ እርሳቸው ጀርባቸውን አዙረው ተቀምጠው፤ የቀረበውን ዕቃ ሳያዩ የሰሙትን መልስ ብቻ ይናገሩ ነበር። ደግሞም የራስ መነቅነቅ ኮቴ ሊያስቆም ይችል ይሆናል እንጂ «አረንጓዴ» የሚለውን ቃል በማንም አፍ ውስጥ አያስገባም።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ሆነ። በትሪ ላይ በቀለም የተለያዩ ሁለት፤ ሦስትና ስድስት ዕቃዎች ተደርድረው «ሦስት የሆኑት ምን ቀለም ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ፤ አሌክስ «አምስት» አለ። ደግመው ቢጠይቁት አሁንም «አምስት»። በትሪው ላይ ግን አምስት የሆነ ነገር የለም። በመጨረሻ ጠያቂዋ «እሺ፤ አምስቱ ምን ቀለም ናቸው?» ሲሉት «ምንም» ብሎ መለሰ። የሌለ ነገር አለመኖሩን ተናገረ ማለት ነው። ይህ ታሪክ ከሌሎች ፈተናዎች ጋር ተመርምሮ በ2005 በሊቃውንት መጽሔት ታትሟል።

ጠባዩም ከተማሪ ጠባይ የራቀ አልነበረም። ፖም የተባለውን ፍሬ ስሙን ሊያስተምሩት ቢደክሙ አሻፈረኝ ብሎ፤ የሚያውቃቸውን «ባናና» እና «ቼሪ» የተባሉ ስሞች አጋጥሞ የገዛ ራሱን ስም «ባነሪ» ብሎ አወጣለት፤ እስከ መጨረሻውም አልተወውም። ጥያቄ ሲበዛበት «መመለስ እፈልጋለሁ» ይላል፤ ወደ ማደሪያው መልሱኝ ማለቱ ነው። አንድ ጊዜም በእንግዶች ፊት የፊደላትን ድምፅ እየለየ ሲያሳይ በየመልሱ «ለውዝ እፈልጋለሁ» ይል ነበር። እነርሱም «ቆይ» እያሉ ቢያዘገዩት፤ በመጨረሻ ለውዝ በእንግሊዝኛ የሚጻፍባቸውን ሦስቱን ድምፆች «ን፤ አ፤ ት» እያለ ለያይቶ ነገራቸው። «አልገባችሁ እንደ ሆነ ፊደል ልቁጠርላችሁ» ያለ ይመስላል።

እርግጥ፤ ሊቃውንቱ ሁሉ በአንድ ቃል አልተስማሙም። አሌክስ የተማረው ብልሃት እንጂ ቋንቋ አይደለም ያሉ አሉ። ዶክተር ፔፐርበርግም ራሳቸው ወፉ እንደ ሰው ቋንቋ አለው አላሉም፤ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ አገኘ አሉ እንጂ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ወፉን ዝቅ አላደረጉትም። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፤ በበቀቀን አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት እጅግ ተጠጋግተው ታጭቀዋል። ማካው የተባለው ትልቁ የደቡብ አሜሪካ በቀቀን፤ አንጎሉ ከማካክ ጦጣ አንጎል በብዙ ያነሰ ሲሆን፤ በፊተኛው የአንጎል ክፍል ያሉት ሕዋሳት ግን ከጦጣይቱ ይበልጣሉ። ስለዚህ የራስን ቅል ለክቶ በዕውቀት ላይ መፍረድ አይቻልም።

በ2020 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቴነሪፍ በምትባለው የስፔን ደሴት ግራጫ በቀቀኖችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ፈተኑ። ለሰው ቢሰጡት በምግብ የሚለወጥ የብረት ቀለበት ለአንዱ ብቻ ሰጡና፤ የእርሱን የመለወጫ መስኮት ዘጉበት። ቀለበቱን የያዘው ወፍ ባዶውን ለቀረው ጎረቤቱ በምንቃሩ አቀበለው፤ ጎረቤቱም ለውጦ በላ። ለሰጪው ምንም ዋጋ አልተከፈለውም።

አሌክስ በመስከረም 6 ቀን 2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ዶክተር ፔፐርበርግ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ «ደኅና ሁኚ፤ እወድሻለሁ፤ ነገ እንገናኝ» ብሏቸው ነበር። ማታ ማታ ሲለያዩ የሚለው ነውና ታምር አልነበረም። በማግሥቱ ጧት ግን በማደሪያው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት አብረውት የሠሩት መምህር ምን እንደ ተሰማቸው መናገር አያስፈልግም። የሞቱ ዜና በታላላቅ ጋዜጦች ወጣ፤ ለወፍ ብዙ ጊዜ የማይደረግ ክብር ነው።

የአሌክስ ወገኖች ከጊኒ ጀምሮ እስከ ምዕራብ ኬንያ ባለው የአፍሪካ ደን ይኖራሉ። ንግግራቸው ለእነርሱ መከራ ሆነባቸው፤ ሰው ስለወደዳቸው ያጠምዳቸዋልና። በጋና አገር ከ1992 ወዲህ ከመቶ 90 እስከ 99 የሚሆኑት እንደ ጠፉ መርማሪዎች ጽፈዋል። በዚህ ምክንያት በ2016 በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን በዓለም ገበያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በእኛ አገር ግራጫው በቀቀን የለም፤ ነገር ግን ግንባሩ ቢጫ፤ ሰውነቱ አረንጓዴ የሆነ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ በቀቀን አለን። በአዲስ አበባ ጽድና ሾላ ባለበት ግቢ ደግሞ ክንፏ ጥቁር፤ ምንቃሯ ቀይ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን እየጮኸች ስታልፍ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ወፍ ናት ብለን ብቻ እናልፋታለን። ከእንግዲህ ቆም ብለን ብናያት፤ በጎጆ ለመዝጋት ግን ባንመኛት መልካም ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፤ በቀቀኑ አሌክስ ከእኔ ተማሪ የተሻለ ትምህርት ማግኘቱን ነው። ወረቀት ሲል ወረቀት ይዞ ነበር። የእኔ ተማሪ ግን ትነትን ሲያጠና ርጥብ ጨርቅ በእጁ አልያዘም። በሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ቃል አሰማሁት፤ ሲደግምልኝም ማርክ ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ በቀቀን ብዬ ሰደብሁት። ጥፋቱ የማን ነው?

ይህ ነገር በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ታውቁታላችሁ። አንድ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን አጣጥፈው መጥተው «ልጄ፤ ነገሬ ከምን ደረሰ?» ሲሉ፤ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው፤ ነገ ይመለሱ» የምንለው መዝገቡን ገልጠን አይተን ነው? ወይስ ከእኛ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሲል ሰምተን? አሌክስ በትሪው ላይ የሌለውን ነገር «ምንም» ለማለት ደፈረ። እኛ «አላየሁትም፤ ቆይ ልይልዎ» ማለት ለምን ያስፈራናል? እኔ ራሴ ለአንድ ልጅ «አላውቅም» ማለት አፍሬ የዋሸሁ ነኝና የምናገረው ከእናንተ ጋር ሆኜ ነው።

በሳምንቱ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከሁሉ አስቀድሜ፤ «ባለፈው በቀቀን ብዬ የሰደብሁት ጓደኛችሁ የጠየቀኝን ሳላውቅ መልሼለታለሁ፤ አጥፍቻለሁ» ብዬ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ተማሪዎቹ አልሳቁም። ቀጥዬ ሁለት ጨርቅ በውሃ ነክሬ፤ እርሱንና አንድ ጓደኛውን ወደ ፊት ጠርቼ «አንተ ጠይቅ፤ እርሱ ይመልስ፤ ኋላ ትለዋወጣላችሁ» አልኋቸው። አንደኛውን ጨርቅ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ፤ ሁለተኛውን ከጠረጴዛው ሥር አኖርን። ልጁ «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ሲጠይቅ ጓደኛው የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ ማንበልበል ጀመረ። ልጁም አቋረጠውና «መጽሐፉን አይደለም፤ ጨርቁን ንገረኝ!» አለው።

ተራው ሲደርስ ግን እርሱም ወዲያው አልመለሰም። የመስኮቱን ጨርቅ ዳሰሰ፤ የጠረጴዛውን ዳሰሰ፤ ጥቂት አሰበ። «ውሃው ቀስ በቀስ ወደ አየር ይወጣል፤ ነፋስ ሲኖር ይፈጥናል። እናቴ ሰማዩ ጠቆር ሲል ልብስ የማታጥበው ለዚህ ነው» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ ደገመው። በዚህ ጊዜ ግን አላንበለበለም፤ በየቃሉ እየቆመ ነበር የተናገረው።

ሲወጣ ጠራሁትና «ለጥያቄህ መልስ አግኝቻለሁ፤ በቀቀን በደኅና ካስተማሩት የሚናገረውን ያውቃል» አልሁት። ፈገግ ብሎ «እንግዲያውስ ያን ቀን አልሰደቡኝማ!» ብሎኝ ሄደ።